ጌታችን ዛሬም ተሰናበቱን

በዚህ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስንብት የሚወድ ሰው የሌለበት ቤት የለም። ልሞት ነው ብሎ ይሰናበታል፣ አይሞትም። የሁሉም አለቃ ግን የእኛው ነበሩ፤ የተራራው ግንብ ባለቤት፣ የሸለቆው ገዢ፣ ክቡር ሚናኪ ሃሩካጌ።

እኔ ኦሴን ምግብ አብሳያቸው ነኝ። ጦረኛ ሊዘምት ሲል የደረቀ የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር ሣር ቀምሶ፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ጠጥቶ ይወጣል። ወጉ ይኸው ነው። ክቡርነታቸው ግን መጀመሪያ የስንብት ግጥም ካልገጠሙ ፈረስ ላይ አይወጡም። ቤተሰቡ ይሰበሰባል። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና "እንግዲህ ይኼ የመጨረሻዬ ነው!" ይላሉ። ግጥሙ ሁልጊዜ ስለ ጤዛ ነው። ያላለቀሰ ወዮለት! እመቤታችን ወይዘሮ ኦኩኒ እንባ ቢያልቅባቸው ከእኔ ሰናፍጭ እየተዋሱ ዓይናቸውን ማሸት ጀመሩ።

ይባስ ብለው በጤናቸው ይመለሳሉ። ጥርስ ሊነቀሉ ሲሉ ተሰናብተውናል። አንዴማ ስለ ወንዝ ውኃ ሊደራደሩ ጎረቤት ግንብ ሲሄዱ አስለቀሱንና ለምሳ ከች አሉ።

"ኦሴን፣ ምነው ሩዙ አልበሰለም?"

"ሞተዋል ብዬ ነዋ፣ ጌታዬ!"

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ባለፈው መኸር ጠላት ከበበን። ጎተራው ተራቆተ፤ ለፈረሶቹ የተቀመጠውን ገለባ ሳይቀር ቀቅዬ አበላሁ። ሕፃናቱ ማልቀስ እንኳ አቃታቸው። በመጨረሻ መልእክተኛ መጣ። "ጌታው ወርደው በገዛ እጃቸው ይሙቱ፤ የቀረው ሰው በሰላም ይወጣል" አለ። ጌቶች እንዲህ ተዋውለው ሕዝብ ማዳናቸው በአገራችን የታወቀ ነው።

እኔ ብግን አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲለማመዱ የኖሩ ሰው ዛሬ ምን ያህል ግጥም ሊያወርዱብን ነው? ሰናፍጩን አዘጋጀሁ። እመቤቴ አልፈለጉትም።

ጠዋት ሊሞት የቆረጠ ሰው የሚለብሰውን ነጭ ልብስ ለብሰው መጡ። ለወጉ ከቀረችው ቁንጣሪ የባሕር ሣር ቀመሱ።

"ኦሴን፣ ጨው አብዝተሽበታል።"

"ግጥሙስ፣ ጌታዬ?"

"አንቺ ደግሞ! ልጆቹ ተርበው የለም እንዴ? እኔ ስንኝ ሳሳምር በሩ ተዘግቶ ይቆይ?"

ጫማቸውን አጠለቁ። ወደ እመቤቴ ዞር ብለው፣ ጓሮ ደርሶ እንደሚመለስ ሰው "መጣሁ" አሉና ወጡ።

በሩ ተከፈተ። ሰዉ ወጣ፤ ጠላት ቃሉን ጠብቆ ሩዝ ሰጠን፤ ልጆቹ በሉ።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደም። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰናበቱን ኖረው፣ የሄዱ ለት "መጣሁ" ይበሉ? ይኼ ደግ ነው? ስንት ጊዜ ሞተዋል ብዬ ያፈርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ አሁን የምሳውን ሩዝ በጊዜ እጥዳለሁ። የእሳቸውንም ጨምሬ ነው።