ዶን ኤርሚሎ የሚቀምሱት ቀለም

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ምላሳቸው ላይ ነው። የጡብ ቀለም ነበረው። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ቢጫ አፈር፣ አውራ ጣታቸው ላይ ጥላሸት፤ ሰውየው ተራራ ቆርሰው ቁርስ የበሉ ይመስሉ ነበር።

በዓለም ላይ ላለ ሱቅ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ደንበኛ ተመድቦለታል። ምንም ዕቃ አይጥመውም፤ ሳይመጣ ግን አይውልም። ሐይቅ ዳር ባለችው በፓትስኳሮ ከተማ ለሚገኘው ለአክስቴ ለኤዱቢሄስ ሱቅ የተመደቡት ግርማዊ አናጺ ዶን ኤርሚሎ ናቸው። የምንሸጠው ከተልባ ዘይት ጋር ተለውሶ እንጨት የሚቀባ የዱቄት ቀለም ነው። ከሐይቁ የሚነሳው ጉም ደጃፋችን ሲደርስ መሳቢያዎቹን እከፍታለሁ፤ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ቡናማው ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው፣ በኃይል ከተነፈስኩ የሚነቁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጣሁ ሰሞን ሥራ ትቼ እነሱን ሳይ እውል ነበር።

ዶን ኤርሚሎ ግን ቀለም አያዩም፤ ይቀምሳሉ። ደረቅ ዱቄት ይዋሻል ባይ ናቸው፤ ዘይት ሲነካው ምን እንደሚመስል እውነቱን የሚያወጣው ምራቅ ብቻ ነው። አውራ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ መሳቢያው ውስጥ ይነክራሉ፣ ጥፍራቸውን ይቀቡና በር ላይ ወጥተው ለፀሐይ ያሳዩታል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። "ይሄ አፈር ነው።"

አፈር መሆኑማ ጆንያው ላይ ተጽፏል። ቀዩን ጉንፋን የያዘው ነው አሉት። ቡናማውን ፊት ለፊት ደህና፣ ዞር ሲሉ የሚያማ ዓይነት ነው ብለው መለሱት። አንድ ቀን ቢጫ ገዝቶ ሊወጣ ከነበረ ወንበር ሠሪ ጥቅል ውስጥ ቀምሰው፣ ወንበሮችህን አታዋርድ ቢሉት ሰውየው ጥቅሉን ትቶ ሄደ። አክስቴ አፋቸውን እንዲያለቀልቁ ትኩስ አቶሌ ታቀርብላቸዋለች፤ የበቆሎው አጥሚት ቀጥኗል ብለው አንጠፍጥፈው ይጠጡታል።

የሚፈልጉት አንድ ቀለም ነው። ሚስታቸው ዶኛ ኦብዱሊያ ነገር እየረሱ ነው። ሲጋቡ የተሠራላቸውን ቁም ሣጥን አንዱን በር ምስጥ ቢበላው ዶን ኤርሚሎ አዲስ ገጠሙ፤ ዶኛ ኦብዱሊያ አዩትና፣ ይሄ የሰው ቤት ነው፣ ወደ ቤቴ ውሰደኝ አሉ። ከዚያ ወዲህ ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ደጅ ደጁን ያያሉ። አዲሱ በር አሮጌውን ከመሰለ ቤታቸውን ያውቁታል፤ የባላቸው ተስፋ ይኸው ነው።

"የድሮው ቀለም ከስፔን የመጣ ነበር" ይላሉ መሳቢያዎቻችንን በንቀት እያዩ። "በመርከብ። እናንተ ከየት ታውቁታላችሁ።"

አንድ ጠዋት መጥተው ምንም ሳይቀምሱ ቆሙ። ሚስታቸውን ሐይቁ ዳር እንዳገኟቸው ነገሩኝ፤ ቋጠሯቸውን ታቅፈው ጀልባ ሲጠብቁ። ያን ቀን አንድም ቀለም አልተሳደቡም። ይሄ አስፈራኝ።

ሲወጡ ስለ ስፔኑ ቀለም አክስቴን ጠየቅኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት። ኤርሚሎ ሊያገባ ሲል ባዶ ኪሱን ነበር፤ አያቴ አዝነውለት ሚዛኑ ሥር የተጠራቀመውን ጥራጊ ሰጡት፣ ከየመሳቢያው ተንጠባጥቦ የተቀላቀለ፣ ስም የሌለው ቡናማ። "ለሙሽሪት ከስፔን ነው አላት" አለች አክስቴ። "ሲደጋግመው ጊዜ ራሱም አመነ።"

ሚዛኑን ተጋግዘን አነሳነው። ሥሩ ያለው ጥራጊ ዝናብ ያደረበት የጣሪያ ሸክላ ይመስል ነበር፤ ቀላ ያለ፣ ጥልቅ። የቀለም ሁሉ ውዳቂ ተሰብስቦ እንዴት እንዲህ ያምራል ብዬ ፈዝዤ ስቀር አክስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

በማግስቱ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ አቀረበችላቸው። "ትናንት ነው የገባው" አለች። "ከስፔን።"

ላሱ፣ ነከሩ፣ ጥፍራቸውን ቀቡ። በር ላይ ብዙ ቆሙ፤ ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚታየን። ሲዞሩ ዓይናቸው ርሷል። አክስቴን ትክ ብለው አዩዋት፤ እሷ ሚዛኑን ትወለውላለች።

"በስንት ጊዜያችሁ" አሉ፣ "ሰው የሚገዛው ዕቃ አመጣችሁ።"

ከዚያ ጠፉ። መሳቢያዎቹን የሚሰድብ ሲጠፋ ሱቁ የማላውቀው ሱቅ ሆነብኝ፤ ቀለሞቹም የሚነቁበትን ያጡ መሰሉኝ። ከቀናት በኋላ ኮፍያቸው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሰላምታም አላስቀደምኩ፤ ዶኛ ኦብዱሊያስ አልኳቸው።

"ቋጠሮዋን ፈታችው፣ ልጄ። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ሰቀለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ 'አንተ ኤርሚሎ፣ እስካሁን የት ቆየህ?' አለችኝ።"

የመጡት ብሩሽ ሊገዙ ነበር። ፀጉሩን በጣታቸው ደባብሰው፣ የታመመ አህያ ጭራ ነው ብለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። መልሰው አንስተው ጉያቸው ውስጥ ከተቱትና ደረጃውን ወርደው ወደ ጉሙ ገቡ። ከዓይኔ ከተሰወሩ በኋላም ማጉረምረማቸው ይሰማኝ ነበር።