ዓይንና ይሉኝታ

ሰው እንዳያፍር ብሎ የሌላውን ዓይን የሚያስጠፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ።

ጅቡቲ ጭነት የሚጠብቁ የአገራችን ሾፌሮች በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነገር ሲያጋጥማቸው የሚሮጡት እዚሁ ከተማ ወዳረጁት ወደ ጋሽ ታደሰ ነው። ጋሽ ታደሰ ደግሞ «አላውቅም» ከሚሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። ሾፌሩ ዘሪሁን ከገበያ የገዛውን በእጅ የሚያዝ፣ የሌዘር ጨረር የሚረጭ ባትሪ ሲያሳያቸው፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አገላብጠው አዩና፣

«መብራት ነው። ዓይን አይጎዳም ይላል» አሉ።

ፈረንሳይኛ ትንሽ ስለማነብ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ አንብቤዋለሁ። የሚለው «ነጸብራቁ እንኳ ያሳውራል» ነው። ግን ሽማግሌ በሰው ፊት ይታረማል እንዴ? ዝም አልኩ። ዘሪሁን ጥቁር ፌስታል ላይ ሲያበራው ፌስታሉ ጨሰ። ያኔም ዝም! ቀጥሎ ወደ መኪናው ስፖኪዮ አበራው፤ ጨረሩ ከመስታወቱ ነጥሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ መጣ። ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ዘሪሁን ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? ስፖኪዮውን እንደዚያ አድርጌ የወለወልኩት እኔ ነኝ!»

የተሰበሰቡት ሾፌሮች ሁሉ አፌን እንደከፈትኩ አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነቱን ነው» አልኩ።