የሸምዳጁ መልስ

ሸምዳጅ ተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? የኢንፎርሜሽን ማኔጅመንት ተማሪዎችን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳስተምር አንዱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ልጁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው። ስላይዴን ከነአራት ነጥቡ በቃሉ ይወጣዋል። ይገባው ይሆን? ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ «እስኪ በራስህ አባባል ንገረን፤ አንድ ፕሮሰሰር ብዙ ፕሮግራም እንዴት ያስኬዳል?» አልኩት።

«የኔታ አንድ ናቸው፤ እኛ ብዙ ነን» አለ። «ለአንዱ ዜማውን ይነግሩታል፤ እሱ ሲለማመድ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ሲመለሱ ካቆመበት ያስቀጥሉታል። ሁላችንም ግን የኔታ የኔ ብቻ ናቸው እንላለን። ልክ ነኝ ወይ፣ መምህር?»

ስላይዴን ባገላብጥ ባገላብጥ መልሱን አጣሁት። እኔ ደግሞ የማውቀው እዚያ ያለውን ብቻ ነው።