በደህና እግሬ ዊልቸር

የበደለችኝ ጥሩነሽ ናት። ስሟን በጓሮ አላነሳም፤ የሃርልስደኗ ጥሩነሽ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው፣ ይህንንም በወር አንድ ጊዜ የምታስታውሰን። ይህን ስታነብ «ምን አደረግሁ እትዬ?» ትላለች። ታንብበው። ማንበብ እንደሆነ አይቸግራት።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ማኅበር ላውራችሁ። አገር ቤት ሳለን የሴቶች ማኅበር ማለት በወር በወር ተሰብስቦ ጠላ መጠጣትና የቀረችውን ማማት ነበር። ሰው አገር ስትኖሩ ሐሜቱ እንዳለ ሆኖ ሥራ ይጨመርበታል። ለንደን ያለነው ስምንት ነን። ባል የነበራት ወይ ቀብራዋለች ወይ ፈታዋለች፤ ልጅ ያላት ስትደውል ልጇ «ማሚ፣ ቢዚ ነኝ» ይላታል። ስለዚህ የአንዷ ቁልፍ በሌላዋ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል። ካውንስል፣ የእንግሊዝ ቀበሌ በሉት፣ ደብዳቤ ሲልክ ጥሩነሽ ታነባለች። መንገደኛ ስትኖር አንዷ ትሸኛለች፣ አንዷ ትቀበላለች። ከሕጋችን ሁሉ የጠበቀው ግን ይህ ነው፤ ከእኛ መካከል ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው የማኅበር እህቷን መሆን አለበት። ባሕር ማዶ ብትሆንም ያው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይባል የለ? እኛ መድኃኒቱን በዕጣ አደረግነው።

ታዲያ አልማዝ፣ ብሪክስተን ስንት ዓመት አብራን ኖራ ባሏን ተከትላ ስቶክሆልም የሄደችው፣ ባሏም እዚያው የሞተባት፣ የሐሞት ጠጠር ተገኘባትና ቀዶ ጥገና ታዘዘላት። ደውላ «ከእናንተ አንዷ ካልመጣች አልገባም» አለች። ቀልዷን አይደለም፤ ከዚህ በፊት አንዴ ከሆስፒታሉ አልጋ ወርዳ ጫማዋን አድርጋ ቤቷ ሄዳለች። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ብትዘገዪ ለሕይወትሽ ያሰጋል ብሏታል። ዕጣ ጣልን። ለእኔ ወጣ።

በማግስቱ ስንሰበሰብ ነው ጥሩነሽ በስድስት ሴት ፊት፣ «ትኬቱን ቡክ አድርጌያለሁ፤ ለእትዬ ዘውዴ ዊልቸርም ጠይቄያለሁ፤ መራመድ አይችሉም ብዬ» ያለችው።

ይህችን ብልሃት ሳታውቋት አትቀሩም። እንግሊዝኛ የማታነብ እናት ስትጓዝ ልጆቿ መራመድ አትችልም ብለው ዊልቸር ይይዙላታል፤ ገፊው ከበር እስከ በር ያደርሳታል፣ አትጠፋም። ከታክሲ እንደ ሚዳቋ ዘላ የወረደች አሮጊት ኤርፖርቱ ደጃፍ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ስትደርስ ደግሞ ሻንጣዋን ባየች ጊዜ ያለ ጠበል ይድናል።

ለሌላው ይሁን። እኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ቢሮ ደረጃ ስወለውል የኖርኩ ነኝ። ዛሬም በሰባ ሦስት ዓመቴ ዘንቢሌን ይዤ የአርችዌይን ዳገት ስወጣ፣ ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስበውን ወጣት አልፌው ነው የምሄደው። የማይሆንልኝ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ነው። የራሳችንን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬያለሁ፤ የእነሱን ግን እኔም አልፈለግሁት፣ እሱም አልፈለገኝ።

«እግሬን ምን ነካው ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም አልነካው እትዬ፤ ለመንገዱ ብዬ ነው እንጂ።»

«መንገዱን የሚሄደው እግሬ አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀኑ ደረሰና ኤርፖርት ዊልቸር ይዞ የመጣውን ሰውዬ «ኖ፣ ታንኪው» ብዬ አሰናብቼ በእግሬ ገባሁ። ፍተሻውን አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ራሱን የቻለ አገር ነው፤ ሱቅ እንጂ ቤት የሌለበት አገር። ሰሌዳው ላይ ጽሑፉ ይርመሰመሳል። ሰው ልጠይቅ አልኩና ተውኩት፤ ቢጠየቁ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደዚያው ሰሌዳ ነው። እንዲህ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት በፊቴ አለፈች። ተመስገን ብዬ ተከተልኳት።

የተቀመጠችበት ስደርስ ሰው ሁሉ ሐበሻ ነው። ስቶክሆልም የእኛ ሰው ሞልቷል ሲባል ስለሰማሁ አልደነቀኝም። ቆሎ ዘገኑልኝ። የሞተውን፣ የተጋባውን፣ የተካሰሰውን አነሳን ጣልን። አንዷማ የድሮ ጎረቤቴ የእህት ልጅ ሆና ተገኘች። ጨዋታው ደርቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ ባለነጠላዋ፣ «የሚቀበልዎ ሰው አለ እማማ?» አለችኝ።

«አዎ፣ የአልማዝ ጎረቤት ትመጣለች።»

«ቦሌ ድረስ?»

እንግዲህ የአገሬን ልጅ ተከትዬ የተቀመጥኩት አዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን በር ላይ ኖሯል። የስቶክሆልሙ ሄዷል። ኩራት እራት አይሆንም ይላሉ፤ እኔን በቆሎ ሸኘኝ።

የኤርፖርቱ ሰዎች መልሰው ወደ ውጭ አወጡኝ። ስልኬ ላይ የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ፎቶ አለ፤ ፊታቸውን ነክቼ ነው የምደውለው። ሰባቱንም አንድ በአንድ አየኋቸው። መኪና ያላትም ለኤርፖርቱ የምትቀርበውም ጥሩነሽ ብቻ ናት። ጣቴን እያመመው ነካኋት።

መጣች። ሻንጣዬን ጫነች። የሆነውን ሁሉ፣ ቆሎውንም ሳይቀር፣ ነገርኳት። ሃርልስደን ስንቃረብ፣ «ቆሎው እንዴት ነበር እትዬ?» አለችኝ።

«ጨው አንሶታል» አልኳት።

ቤቷ እንደገባን ትኬቱን ለማግስቱ ጠዋት ቼንጅ አደረገችና አልማዝ ዘንድ ደወለች። ቀዶ ጥገናው በዚያው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። «አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ነው፤ ጠዋት ይደርሳሉ» አለቻት። በጾም ዋሸች። አልማዝ በዚያ በኩል እያለቀሰች፣ «ካልደረሱ አልገባም፣ እወቁት» ትላለች።

ስልኩን ስትዘጋ፣ «ምነው እውነቱን ብትነግሪያት?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ሰሌዳውን ማንበብ አቅቷቸው ጠፉ ልበላት?» አለች፤ ከእኔ በቀር የሚሰማት በሌለበት ቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እግር ምን ነውር አለው እትዬ? እግር ማንንም ያማል።»

ሽሮዬን በላሁ። ያን ቀን በስድስት ሴት ፊት እግሬን የከሰሰችው የእንግሊዝኛውን ፊደል የማይለየውን ዓይኔን ለመደበቅ ኖሯል። በደሏን ግን አልፍቅላትም፤ በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሚገፋው ሰውዬ ጸጉሩ ከእኔ የነጣ ነው። ጥቂት እንደሄድን አንድ እግሩን መጎተት ጀመረ፤ ቆም እያለ ጉልበቱን ያሻል። በሩ ሩቅ ነው፤ በዚህ አካሄድ ደግሞ አልማዝ ያለ ሰው ልትቀር ነው። ወረድኩና ወንበሩን መታ መታ አድርጌ ተቀመጥ አልኩት። እምቢ አለ። እኔ ደግሞ እምቢ የሚለውን እንግሊዝኛ አልተማርኩም። ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት፤ ቦርሳዬን ጭኑ ላይ አኖርኩና እሱ በጣቱ ግራ ቀኝ እያሳየኝ፣ እኔ እየገፋሁት፣ የስቶክሆልሙ በር ላይ ከተሳፋሪው ሁሉ ቀድመን ደረስን።