ሽብሩ የሌለበት መጽሐፍ

ከዚህ ቀጥሎ በምነግራችሁ ነገር ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ ዕድሜዬ እዚችው ላይ ይብቃ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በሕይወቱ ሲምል ንቃችሁ አትለፉት፤ የቀረችው ጥቂት ስለሆነች እየቆጠበ ነው የሚምልባት። መርካቶ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች፣ «እሱ ስለ ካፊያ ሲያወራ ሰሚውን ጎርፍ ይወስደዋል» እያሉ ስሜን ያጠፋሉ። ያጥፉ። የዛሬው ጉዳይ ግን የሚጋነን አይደለም፤ እንኳን ላጋንነው፣ እንዳለ ልናገረው ስልም ይከብደኛል።

መቼም መርካቶን የረገጠ ሰው ሁሉ አፉን የሚፈታው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ኦርጅናል ነው?» ጫማ ያነሳና ይጠይቃል፤ ሰዓት ያነሳና ይጠይቃል፤ ብርድ ልብስ ያነሳና ይጠይቃል። ነጋዴውም ደረቱን ነፍቶ፣ «ወንድሜ፣ ይሄማ ከኦርጅናሉም ይበልጣል!» ይላል። በዚህ መልስ ስስቅ ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ግን ሳቄን ቀነስ አድርጌያለሁ።

መጽሐፍ ይጻፋል፣ ከዚያ ፊልም ይሠራበታል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ፊልሙን አይተን ስንወጣም «መጽሐፉ ይሻላል» እንላለን፤ መጽሐፉን ያላነበብነው ሳንቀር። የዚህ ግልባጭ የሆነ ነገር እንዳለ የሰማሁት ግን በቅርቡ ነው። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ይታያል፤ ከዋክብት መሀል የምትመላለስ መርከብ፣ ሰው የሚመስል ማሽን፣ ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ጠላት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ የሳይንስ ልብወለድ። ፊልሙ ያልቃል፣ የተመልካቹ አምሮት ግን አያልቅም። ያኔ አንድ ጸሐፊ ይቀመጥና በእነዚያው ሰዎች ስም፣ በዚያችው መርከብ ላይ አዲስ ልብወለድ ይጽፋል። ታዲያ በሰለጠነው ዓለም «መጽሐፉ ለፊልሙ ታማኝ ነው? አይደለም?» በሚል ሰዎች ይኮራረፋሉ አሉ። ፊልሙ ላይ ግራኝ የነበረው ሰውዬ መጽሐፉ ላይ በቀኝ እጁ ፈረመ ተብሎ ወዳጅ ከወዳጁ ይለያያል። ይህን ስሰማ፣ ሥራ የፈታ ሕዝብ ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ነገሩ ሰፈራችን እስኪገባ ድረስ ነው።

ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዛሬ ፎቅ በዋጠው ቦታ፣ ድሮ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ፤ ዝናብ በጣለ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የሚናገረው ጣሪያው ነው። ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ የምናለሽ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃና ባልዲ ሲያደርጉ የሚውሉ፣ ጆሯቸው ከመዶሻ ድምፅ ሌላ መስማት የተወ። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተካልኝ ይቆማል፤ ፊልሙ ሲናገር እሱ በአማርኛ ይናገራል።

ተካልኝ ወዳጄ ነው። እንግሊዝኛውን ሆቴል ሲያስተናግድ ከእንግዶች የቃረመ፣ ድምፁን ግን ከማንም ያልቃረመ። ካፒቴኑ ሲቆጣ ይቆጣል፤ ሐኪሟ ስታለቅስ ያለቅሳል፤ መርከቧ ስትፈነዳ እሱም አብሮ የሚፈነዳ ስለሚመስል የፊተኛው አግዳሚ ሰዎች ፊታቸውን በክንዳቸው ይከልሉ ነበር። እኔም ብሆን እንግሊዝኛዬ የዋዛ አይደለም። በወጣትነቴ ከአንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ጋር ስከራከር ሰውየው ቃል አጥሮት መዝገበ ቃላት ላምጣ ብሎ እንደሄደ ቀርቷል። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሰፈሩን የማረከው ተከታታይ ፊልም፣ ሰማይ ላይ መንገድ ጠፍቷት አገሯን የምትፈልግ የአንዲት መርከብ ታሪክ ነበር። ካፒቴን አላት፤ ሐኪም አላት፤ ወታደሮች አሏት። ከሁሉም በላይ ግን ሽብሩ አላት። ሽብሩ የመርከቧ ጠጋኝ ነው። ሞተሩ ተሰብሮ ካፒቴኑ ፀጉሩን ሲነጭ፣ ሽብሩ ከወደ ታች ብቅ ይላል፣ የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፎ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ መርከቧም መንገዷን ትቀጥላለች። መምጣቱን የምናውቀው ተካልኝ የቴሌቪዥኑን ሣጥን በጣቱ አንጓ ሁለቴ ሲመታ ነው። ኳ፣ ኳ። ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ሽብሩ መጣ!» ይላል። ጣሪያው ይነቃነቅ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም፤ አንድ ቀን ግን ሚስማር ወልቆ ጭኔ ላይ ወድቋል።

እርግጥ ነው፣ ፊልሙ ላይ ሽብሩን ፊት ለፊት ያየው ሰው የለም። ከካፒቴኑ ጀርባ መፍቻ ይዞ ውልብ የሚል አንድ ሰው አለ፤ እሱ ነው። «ሲናገር አፉን ለምን አናይም?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ ተካልኝ፣ «ጀርባውን ሰጥቶ ነዋ የሚናገረው! ሥራ ላይ ያለን ሰው አፍህን አሳየኝ ይባላል?» ይላል። ጠያቂውን ቤቱ በፉጨት ያሸማቅቀዋል።

ከፊተኛው አግዳሚ የማይጠፋው ከድር ነበር። ያኔ ከገጠር መጥቶ ገና መዶሻ የጨበጠ ጎረምሳ ነው፤ የአገሩን ሰው መንገድ ላይ ካየ መዶሻውን ከኋላው ይደብቃል። ሽብሩን ካወቀ በኋላ መደበቁን ተወ። ውሎ አድሮ የራሱን ሱቅ ሲከፍትም በሩ ላይ በትልቁ «ሽብሩ ብረታ ብረት» ብሎ አጻፈ። ዛሬ ከአንዋር መስጊድ ጀምራችሁ ከድር የት ነው ብትሉ ትከሻውን የሚነቀንቅ እንጂ የሚመልስላችሁ የለም። ሽብሩ በሉ፤ እጃችሁን ይዘው ያደርሷችኋል።

ቪዲዮ ቤቱ ፈረሰ፣ ካሴቱ ጠፋ፣ እኛም አረጀን። ባለፈው ክረምት ደግሞ ተካልኝን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ያዘው። በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ይኖር የነበረው ያ ሁሉ ሰው፣ ካፒቴኑ፣ ሐኪሟ፣ ሽብሩ፣ አንድ ጠዋት ላይ አብሮ ዝም አለ። የቀሩለት ግራ እጁና ዓይኖቹ ናቸው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቪዲዮ ቤቱ የተረፍነው፣ እኔና ከድር እንዲሁም አንድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አልጋውን ከበን እንቀመጣለን። እኛ እናወራለን፣ እሱ በዓይኑ ይከተለናል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያችን ቀን ነው። ሌላ ጠያቂ የለውም።

ሜሮን ልጁ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ንግግሯም እንደምትመዝነው መድኃኒት ነው፣ ትርፍም ጉድለትም የለው። አንድ እሑድ መጽሐፍ ይዛ ገባች።

«አባዬ፣ ምን እንዳገኘሁልህ ገምት! የመርከቧ ታሪክ! ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሆነውን የጻፉበት ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ላይ ነው ያገኘሁት።»

የተካልኝ ዓይን እንደዚያ ሲበራ ከታመመ ወዲህ አላየሁም። ሜሮን እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስልን ጀመር። ካፒቴኑ ሸብቷል። መርከቧ አገሯ ልትደርስ ተቃርባለች። ከድር በርጩማውን ወደ አልጋው እየሳበ፣ እየሳበ፣ በመጨረሻ መታገሥ አቃተው።

«ሽብሩስ?»

«የቱ ሽብሩ?» አለች ሜሮን። በልጅነቷ ቪዲዮ ቤት መግባት አይፈቀድላትም ነበርና አታውቀውም።

«ጠጋኙ ነዋ!»

ገጾቹን ወደ ፊት ገለበጠች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች። «ጋሽ ከድር፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም። መካኒክም የለም። መርከቧ ስትሰበር ራሷን በራሷ ነው የምትጠግነው።»

«ወላሂ ይሄ መጽሐፍ ኮፒ ነው! ብረት ራሱን ሲቀጠቅጥ ያየ ማነው?»

«የፊልሙ ባለቤቶች ፈቅደው ያሳተሙት ነው እኮ። እንዲያውም ይዩት» አለችና ፊልሙን ራሱን ፈልጋ ስልኳ ላይ ከፈተችው። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ያች ውልብታ መጣች። ሰውዬው መፍቻውን ይዞ ከካፒቴኑ ጀርባ ብቅ አለ። ምንም አልተናገረም። ምንም አልጠገነም። ዝም ብሎ አለፈ።

ከድር ወደ አልጋው ዞረ። «ተካ፣ እኔ የሱቄ በር ላይ የጻፍኩት የማንን ስም ነው?»

ተካልኝ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ዓይኑ ብቻ ሞላ። ከድር ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

«ጋሼ፣ ላስደስተው ብዬ ነው እኮ» አለችኝ ሜሮን፤ እንባዋ መጽሐፉ ላይ ይንጠባጠባል።

በሚቀጥለው እሑድ ከድር ቀረ። እሱ ሲቀር ሌሎቹም የየራሳቸውን ምክንያት ፈጥረው ቀሩ። እኔ ስገባ ተካልኝ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ በሩን አየ፤ ጠበቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሜሮን ሾርባ አቀረበችለት። አፉን አልከፈተም። ሐኪሙ ካልበላ አይሰነብትም ብሏል፤ እሱ ግን መብላት ያቆመው ሰውነቱ እምቢ ብሎት አልነበረም። ውሸታም ተብሎ፣ አይደለሁም ማለት ስላልቻለ ነው።

ወደ ከድር ሱቅ ሄድኩ። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ግራጫ ቀለም ውስጥ ብሩሽ ነክሮ፣ የበሩን ጽሑፍ ሊያጠፋ የመጀመሪያውን ሲያስነካ ደረስኩ።

«ውረድ!» አልኩት። «ልጅቷ ተሳስታለች። የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ጥልቅ ነው፤ መድኃኒት ቤት የሚነገረው ዓይነት አይደለም።»

«ቀደዳህን እዚያው!»

«እሑድ ና፤ እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ሽብሩ ከሌለበት መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ብሩሹን አየው፤ እኔን አየኝ። «አንዴ ብቻ ነው የምመጣው» አለ።

እሑድ ደረሰ። ሌሎቹንም በየቤታቸው ሄጄ ለቅሜ አመጣኋቸው። መነጽሬን አደረግኩ፤ መጽሐፉን ዘረጋሁ፤ ሜሮን አጠገቤ ተቀመጠች። ተካልኝ ፊቱን ከግድግዳው አላነሳም። ማንበብ ጀመርኩ። መርከቧ አገሯ ሊታያት ሲል ሆዷ ውስጥ እሳት ተነሣ። ያች ራሷን በራሷ የምትጠግንበት ነገሯ ገና በመጀመሪያው ጭስ ሞተች፤ አልማርኳትም። ጠላት ከአራቱም ማዕዘን መጣ። እዚህ ላይ፣ ታውቁኛላችሁ፣ ነገሩ ሞቀኝ። «ሽብሩም መትረየሱን አንሥቶ ጠላቱን እንደ ገብስ ያጭደው ጀመር!» አልኩ።

ከአልጋው ላይ አንድ እጅ ተነሣ። ግራ እጁ ነው፤ መዳፉ ወደ እኔ፤ ድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሚንጫጫ ሰው ሲኖር የሚያነሣት ያች እጅ። ፊቱን ከግድግዳው መልሷል። ተቆጥቷል።

ከድር ከበርጩማው ብድግ አለ። «ሽብሩ ጦር መሣሪያ ይዞ አያውቅም! ታሪኩን እንደፈለግክ አድርገው፤ ሰውዬውን ግን አትንካው!»

ይህን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የተረዳው አይመስለኝም። ወይም ተረድቶታል። እኔ አልጠየቅሁትም።

«ይቅርታ፣ መስመር ዘልዬ ነው» አልኩና መትረየሱን በአስቸኳይ አስቀመጥኩ። እሳቱ ገፋ። ካፒቴኑ ሽበቱን ነጨ። ሐኪሟ ሰዎቿን ለመሰናበት ተንበረከከች። «በዚህ ጊዜ ከወደ ታች...» ብዬ የመጽሐፉን ጀርባ ልመታ ጣቴን ሳጥፍ፣ ተቀደምኩ።

ኳ፣ ኳ።

የአልጋው ብረት ነው፤ ተካልኝ በግራ እጁ መትቶት።

«ሽብሩ መጣ!» አልን ሁላችንም። እኔ ብቻ ነኝ እንዳልል፣ ያች ትርፍ ቃል የማትናገረው ሜሮንም ብላለች። ከድር ግን ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት።

ሽብሩ ቀዳዳውን አየ፤ የዘይት ቆርቆሮ ፈለገ፤ ሰማይ ላይ ቆርቆሮ አልቋል። እኔም አለቀብኝ። ሰው ሁሉ አፌን ያያል። «የበሩን ማጠፊያ ይንቀላ!» አለ ከድር ቀና ሳይል። «ማጠፊያ ወፍራም ነው፤ እሳት ይችላል።»

«እሱኑ ነው የሚለው» አልኩ፤ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ።

ለካ አንዱ ገጽ ላይ ተቀምጬ ቆይቻለሁ። ሜሮን አንድም ነገር ሳትናገር እጇን ዘረጋችና ገጹን ገለበጠችልኝ። ማታ አባቷ ሾርባውን ጨረሰ።

ተካልኝ ዛሬም አይናገርም፤ ይድናል ብዬ አልዋሻችሁም። የከድር በር ላይ ያ ስም እንዳለ ነው፤ ጫፉ ላይ ብሩሹ ያረፈበት ግራጫ አለ፣ «ለጥላ ያስደረግኩት ነው» ይላል ለሚጠይቁት። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ እኛ ግን ይኸው እስካሁን አልጨረስነውም። እሑድ በመጣ ቁጥር መርከቧ አገሯ ልትገባ ትልና አንድ ነገር ይሰበርባታል። እጅ ከተነሣ እመለሳለሁ፤ ብረቱ ከተመታ እቀጥላለሁ። መጽሐፉ ለፊልሙ ታማኝ ነው ወይ ለምትሉኝ፣ መርካቶ ኑና ጠይቁኝ፤ ነጋዴው የሚመልሰውን እመልስላችኋለሁ።

በዕድሜዬ ምዬ ስለጀመርኩ ሳልናዘዝ ብሄድ ደግ አይደለም፤ ለእሑድ እፈልጋታለሁ። ከነገርኳችሁ ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ከእንግሊዛዊ መሐንዲስ ጋር ተገናኝቼ አላውቅም። ከእንግሊዝኛም እንደዚሁ።