ሐረጎን ያልወጣች መኪና

ሙሄ ይመር ያን ሕልም ያየው ባለፈው እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ነው። ከምሳ በኋላ ከራዲያተሩ የሚወርደውን የውኃ ጎማ ልይ ብሎ ገባ፤ ጥላው ቀዝቀዝ አለውና ዓይኑ ተከደነ።

ሙሄ ኮምቦልቻ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሾፌር ነው። ሚስቱ ዘይነባ የታመመች እኅቷን ልታስታምም ደሴ ከወጣች ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እኅትየዋ ድና ከተነሣች ቆይታለች፤ ዘይነባ ግን አልተመለሰችም። ስትሄድ «ስናፍቅህ መጥተህ ውሰደኝ» ብላው ነበር። ገና በሳምንቱ ናፈቀችው። ግን ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ሚስቱን በሰው ሚኒባስ ሊያመጣ? ሞት ይሻለዋል። በገዛ መኪናው ሊያመጣት ቆረጠ።

መኪናዋ ደግሞ የናፍጣ ናት፤ ዕድሜ የጠገበች። ሜዳ ላይ እንደ ልጃገረድ ትሄዳለች። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጀምራ ጉሙ ውስጥ ስትገባ፣ ሙሄም መብራቱን አብርቶ መሪውን ጠበቅ ሲያደርግ፣ የሙቀት መለኪያው ጌጅ ቀስት መውጣት ይጀምራል። ቀስቱ ቀዩን ሲነካ ሙሄ ሞተሯ ሳይነድ ብሎ ያዞራታል። አምስት ጊዜ ወጣ፣ አምስት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። ራዲያተሩን አሳጠበ፣ ቴርሞስታቱን ቀየረ፣ የማራገቢያውን ቺንጋ ቀየረ። ቀስቱ እንደሆነ ያው ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ይደውልላታል። «መኪናዋ እንዴት ናት?» ትለዋለች። «አንተስ?» ብላው አታውቅም። ከስልኩ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የጎኑ ወንበር እሷ እንደምትወደው ወደ ኋላ ተገፍቶ ነው ያለው፤ ተሳፋሪ ሊያስተካክለው ሲሞክር «ተወው፣ ተበላሽቷል» እያለ ይዋሻል።

እና በሕልሙ ኮምቦልቻ ተገልብጣ ቆየችው።

መኪኖቹ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰዎች ዕቃ መጥፋት ያወራሉ። ሰዎቹ ታርጋ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። ሙሄ ጀርባው ላይ ሁለት ፍየሎችና አንድ ዳኛ ጭኖ ይሮጣል። ዳኛው ለፍየሎቹ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ፍየሎቹ «ሌላስ?» ይሉታል። መገናኛው መንገድ ላይ ፊሽካ የነከሰ አህያ አስቆመው።

«ፈቃድ!»

«የምን ፈቃድ?»

«የመናፈቅ። ያለ ፈቃድ ስትናፍቅ ሦስት ጊዜ ታይተሃል።»

ሙሄ ኪሱን ሲዳብስ ደረቱ አቃጠለው። ቁልቁል ቢያይ ከሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ሥር ክብ መስታወት አለ፤ ውስጡ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ቀዩ ላይ ነው። ፍየሎቹ ዱብ ዱብ ብለው ወረዱ። «ይኼ ሰው ሊፈላ ነው፣ በእግራችን ይሻለናል» አሉ። ዳኛው ብቻ ኑዛዜዬ አላለቀም ብሎ አለቀሰ።

ወዲያው ጋራዥ ውስጥ ነበር። የከተማው መካኒክ ሁሉ በጀርባው ተኝቶ ተራ ይጠብቃል፤ መኪኖች በላያቸው አጎንብሰው ያዳምጧቸዋል። ወደ ሙሄ የመጣችው የገዛ መኪናው ናት። የእሱን ሰማያዊ ቱታ ለብሳለች፤ እጅጌው ውስጥ የመስታወት መጥረጊያዎቿ ይወዛወዛሉ። ብብቱ ሥር ክሪክ ከታ ከፍ አደረገችው።

«ኮፋኖህን ክፈት» አለችው።

ሸሚዙን ፈታ።

«መቼ ነው የሚያሞቅህ?»

«ዳገት ስወጣ።»

«ሌላ ዳገት ላይስ?»

ሙሄ አሰበ። «ሌላ ዳገት ላይ አያሞቀኝም።»

«ውኃ ጎድሎህ ይሆናል» አለችና በዓይኑ አጮልቃ አየች። «አልጎደለም። ሞልቶ እስከ አፉ ነው። አንድም ቀን አልፈሰሰም እንዴ?»

«ወንድ ልጅ ነኝ» አላት።

«እኔ ስለ ውኃ ነው የጠየቅሁህ።» ከዚያ ረዥም ቴርሞሜትር አወጣችና ጉሮሮው ውስጥ ሰደደችው።  «ሰማንያ ስምንት» ብላ አነበበች። «ደኅና ነህ።»

«ቀስቱስ? ቀይ ላይ ነው እኮ!»

«መብራትህን አጥፋው።»

ሙሄ ዓይኑን ጨፈነ። ቀስቱ ወረደ። ሲገልጥ ወጣ። ሲጨፍን ወረደ።

«አየህ» አለች መኪናዋ፤ ድምፅዋ የናፍጣ ሞተር ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማው ሻካራ ድምፅ ነበር። «ከባትሪዬ ወደ ገላዬ የሚመጣው ሽቦ ዝጎ ላልቷል። ጉም ባየህ ቁጥር መብራት ታበራለህ፤ መብራት ስታበራ ጌጁ ይዋሻል። እኔ አንድም ቀን አልፈላሁም፣ ሙሄ። አምስቱንም ጊዜ ደኅና ነበርኩ። ቀዩን ስታይ የተመለስከው አንተ ነህ።»

«ትነጂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነዋ!»

«እኔን ነው የፈራህልኝ?»

መልስ ሊሰጥ ሲል ክሪኩ ወረደና ሐረጎ ላይ ቆሞ ራሱን አገኘው። ዳገቱ ተገልብጦ ቁልቁለት ሆኗል፤ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፤ ከአስፋልቱ ጉም እንደ እንፋሎት ይወጣል። የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹ ከተተከሉበት ተነሥተው «ደሴ ስንት ቀረው?» እያሉ ይጠይቁታል። «ደርሰናል» አላቸው፤ ደስ ብሎት ነበር። ደሴ ከታች እንደ መብራት ተንጠልጥላ ታየችው። ከቤቶቹ ሁሉ ፊት ዘይነባ ቆማለች፤ ያችን አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ። እንዴት ቀርባ ነበር! እጁን ቢዘረጋ ይነካታል።

«ሙሄ!» ብላ ጠራችው።

እግሩን ሊያነሣ አልቻለም። ጎንበስ ቢል እግሮቹ ጎማ ሆነዋል፤ ከኋላም ከፊትም ድንጋይ ታኮ ተደርጎባቸዋል።

«ሙሄ፣ መጣሁ እኮ!»

ልቡ «እኔም» ሊል ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ቆይ» አላት፤ «ትንሽ ይብረድ፣ እመጣለሁ።»

ግንባሩ ላይ የዘይት ጠብታ አረፈችና ነቃ።

ከመኪናው ሥር እየተጎተተ ወጣ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጎረቤቱ አሚናት፣ የሱቋ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና ይስጥህ!»

«ምን ሆንሽ አሚናት?»

«እኔ ምን እሆናለሁ። ዘይነባ መጥታ ነበር።»

«የት?»

«እዚህ ነዋ! ከነሻንጣዋ። እግርህ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አየችና ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችህ። ተኝቷል አላልኳትም፤ ስትመልስላት ሰማሁ እኮ። ቆይ ይብረድ፣ እመጣለሁ አልካት።»

ሙሄ ብድግ አለ።

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች። ቀና አለችና ሻሿን አስተካከለች። ‹ስምንት ወር ያልበረደ መቼ ሊበርድ ነው› አለችና ሻንጣዋን አንሥታ ወደ መናኸሪያ። ሻይ እንኳ ጠጪ ብላት እንቢ አለች።»

«ቆይቷል?»

«አሁን ነው የሄደችው፤ ከእኔ ጋር እያወራህ ነው የሚቆየው!»

የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። አንዴ ዳበሰው። ከዚያ በነጠላ ጫማው፣ ዘይቱ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ እየወረደ፣ ሮጠ። አንደኛው ጫማ ከቦዩ አጠገብ ቀረ።

መናኸሪያ ሲደርስ ዘይነባን የያዘው ሚኒባስ ሞልቶ ወጥቷል። ተረኛው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ደሴ! አንድ ሰው! አንድ የቀረው!» ይላል። ሙሄን ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ጋሽ ሙሄ! እርስዎም ተሳፋሪ ሆኑ? ይምጡ፣ ጋቢና ላስለቅቅልዎ።»

ሙሄ ጋቢናውን አልፎ ሄደ። ከኋላ ገብቶ ከአንዲት ሴትዮ የዶሮ ቅርጫት ጎን ተጣበቀና በሩን ራሱ ሳበው።