ሙታንን ያስነሣው ጎረቤቴና ካፖርቱ

አንድ መጽሐፍ ጀምሮ ዓለምን ማስተማር የሚያምረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኦክላንዱ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እንዲህ ነው። አሁን የጀመረው መጽሐፍ የሞቱ አባቶቻችንን ሁሉ በሳይንስ እናስነሣ ስለሚል አንድ ሩሲያዊ መንፈሳዊ ፈላስፋ ይተርካል።

ሳን ሆዜ ለቅሶ ሄድን። ጋሽ ታደሰ ባል ለሞተባቸው ለእትዬ አልማዝ፣ “አያልቅሱ፤ ባለቤትዎ ይነሣሉ” አላቸው።

“መቼ?” አሉ እትዬ አልማዝ።

“ሳይንሱ ደርሷል፤ ቅርብ ነው።”

“እንዲያ ከሆነ ትናንት ስትመጣ የሰጠሁህን የባለቤቴን ካፖርት አውልቅና እዚያ ስቀልልኝ። ብርድ አይችልም።”

ጋሽ ታደሰ አውልቆ ሰቀለ።

ስንመለስ በቲሸርት እየተንቀጠቀጠ ይነዳል። ላጽናናው መጽሐፉን ገለጥ አደረግኩና፣ “ፈላስፋህም እኮ ያለውን ሁሉ ለድሃ እየሰጠ ነው የኖረው” አልኩት።

የመኪናውን ማሞቂያ ጨመረና፣ “እዚያ ምዕራፍ ገና አልደረስኩም” አለኝ።